የበሰለ ዓሣ ምርመራ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና ላይ፣ ፍላሚንጎ ታልፎ ወሎ ሰፈር ሳይደረስ በሚገኘው ኦሎምፒያ፣ በተለይ ረቡዕና ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ በየትኛውም አዋጅ ያልተደነገገ፣ በየትኛውም ትምህርት ቤት የማይሰጥ አንድ የምርመራ ሥርዓት በየምግብ ቤቱ ይካሄዳል። የምርመራው ተቀዳሚ ባሕርይ ዘግይቶ መጀመሩ ነው፤ ተመርማሪው ዓሣ ከሐይቅ ወጥቶ፣ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ተቀዶ፣ በጋለ ዘይት ተጠብሶ፣ ሎሚና ዳጣ ታጅቦ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ድረስ ስለ ጤንነቱ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ምንም ሊያስተባብል በማይችልበት በዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ጥርጣሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። የጥርጣሬው ርእስ ትል ነው፤ በምሁራኑ አጠራር ጥገኛ ተሕዋሲ፣ ማለትም በሌላ ፍጡር አካል ተጠግቶ፣ ከአስጠጊው ማዕድ እየተካፈለ፣ እንደ ኦሎምፒያ ነዋሪ የቤት ኪራይ ሳያስጨንቀው የሚኖር ፍጡር ማለት ነው።

ከካዛንቺስና ከቂርቆስ መሥሪያ ቤቶች ለምሳ የሚወጣው ተመጋቢ በመጀመሪያ የዓሣውን ጎን በሹካ ጫፍ ይገልጣል። ሹካው የሚያስፈልገው ለምርመራው ብቻ ሲሆን፣ ወደ መብላቱ ሲመጣ ወደ ጎን ተደርጎ ቀኝ እጅ ሥራውን ይረከባል። ቀጥሎ የተገለጠው ሥጋ ብርሃን እንዲያገኝ ሳህኑ ወደ መስኮቱ ይዞራል፤ መስኮት በሌለበት የስልክ ባትሪ ይበራበታል። በዚህ መካከል ቀጠን ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ክር የሚመስል ነገር ከተገኘ ጉዳዩ የግል መሆኑ ያበቃና ጉባኤ ይሆናል፤ አብሮ የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል፣ ከጎረቤት ጠረጴዛ ያልተጠራ ምስክር ይነሣል፣ የአጎቱ ልጅ ላቦራቶሪ የሚሠራ አንድ ሰው ደግሞ በማንኛውም ምግብ ቤት ውስጥ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ አስተናጋጇ ትጠራና በኦሎምፒያ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሳይለወጥ የሚደገመው ቃለ ምልልስ ይከተላል።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥር ነው ጋሼ።»

«የምን ሥር?»

«የዓሣ ሥር ነዋ ጋሼ።»

ይህ መልስ ከኃላፊነት መሸሻ መስሎ ቢሰማም፣ አስተናጋጇ ከሚገመተው በላይ ለሳይንሱ የቀረበች ናት። የዓሣ ሥጋ እንደ በሬ ታፋ በረጃጅም ጡንቻ የተሠራ ሳይሆን፣ ከራስ እስከ ጅራት የተደረደሩ አጫጭር የጡንቻ ክፍልፋዮች ያሉት ነው፤ ክፍልፋዮቹን የሚለያየው ስስ ሽፋን ሙቀት ሲያገኘው ስለሚቀልጥ፣ የበሰለ ዓሣ በጣት ሲነካ ንጣፍ በንጣፍ እየተላቀቀ ይነሣል። በእነዚህ ንጣፎች መካከል የደም ሥሮችና የነርቭ ክሮች ያልፋሉ፤ በጥሬው ጊዜ የማይታዩት እነዚህ ክሮች በሙቀት ደርቀው ሲነጡ ወይም ሲጠቁሩ ለማያውቅ ዓይን ትል ይመስላሉ። መለያው አስቸጋሪ አይደለም፤ የደም ሥር እየቀጠነ ይሄዳል፣ ቅርንጫፍም ያወጣል፤ ትል ግን ቅርንጫፍ የለውም፣ ብዙውን ጊዜም ተጠቅልሎ ይገኛል። በዓሣ ጉላሽ ውስጥ ደግሞ ተጠርጣሪዎቹ ይበዛሉ፤ በቁመቱ ተከትፎ በወጡ ውስጥ የለሰለሰ ሽንኩርትና ከግንዱ የተለየ የጥብስ ቅጠል ስንት ጊዜ በሐሰት ተከሰው ሳህኑን ይዘው እንደ ተመለሱ የሚያውቀው ወጥ ቤቱ ብቻ ነው።

ይህ ሲባል ተመጋቢው ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ ነው የሚጠራጠረው ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ጥገኛ ትሎች መኖራቸው በተመራማሪዎች ተደጋግሞ የተመዘገበ እውነት ሲሆን፣ ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳና ቆቃ ሁሉም በመዝገቡ ላይ አሉ። ከኦሎምፒያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ትልቅ የገበያ ሕንፃ የተጠራበት ደንበል የሚለው ስም የዝዋይ ሐይቅም ሌላ መጠሪያ ስለሆነ፣ ወደ ሰፈሩ ከሚገባው ዓሣ ከፊሉ ወደ ሞክሼው ደጃፍ የመጣ ነው ቢባል ያስኬዳል። ከትሎቹ መካከል ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ኮንትራሴከም የተባለው ድቡልቡል ትል ነው። ይህ ትል ዕድሜውን የሚጨርሰው በዓሣ ውስጥ ሳይሆን በፔሊካንና በኮርሞራንት፣ በአጠቃላይ ዓሣ በሚመገቡ የውኃ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከወፉ ኩስ ጋር ወደ ውኃ ይገባል፣ የተፈለፈለውን እጭ በዓይን በቀላሉ የማይታዩ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ይውጡታል፣ እነሱን ደግሞ ዓሣው ይበላቸዋል፣ እጩም በቆሮሶ ልብ ዙሪያ ባለው ክፍተት ውስጥ ተጠቅልሎ ዓሣውን የሚበላለትን ወፍ ይጠብቃል። ቆሮሶ በኦሎምፒያ ሳህኖች ላይ አብዝቶ የሚቀርበው፣ ሊቃውንቱ ቲላፒያ ከሚሉት ወገን የሆነው ዓሣ ነው። እንግዲህ ትሉ የሚጠብቀው ወፍን እንጂ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይደለም፤ ሰው በስሕተት የገባ እንግዳ ነው፣ በሰው ላይ የታየውም ጉዳት በጥቂት ዘገባዎች የተወሰነና ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ዓሣ ከመብላት ጋር የተያያዘ ነው።

የትሉ አድራሻ በልብ ዙሪያ መሆኑ ሌላም ትርጉም አለው፤ ዓሣው ሆዱ ተቀዶ ሲጸዳ ትሉ ከሆድ ዕቃው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ከጎንና ከጎን ተገፎ የሚወጣው፣ ፊሌቶ የሚባለው አጥንት አልባ ሥጋ ላይ እምብዛም አይገኝም። የሆድ ዕቃው ግን የት ይደርሳል ቢባል፣ በሐዋሳው አሞራ ገደል እንደሚታየው፣ ዓሣ አጥማጁ እያጸዳ ወደ ኋላው ይወረውረዋል፣ ፔሊካኑም ያን ሰፊ መንቁሩን ከፍቶ ይቀበላል፣ ጎብኚውም ደስ ብሎት ፎቶ ያነሣል። በዚህ መንገድ ትሉ በራሱ ጥረት ምናልባት የማያገኘውን ወፍ በሰው እጅ እየቀረበ ያገኛል ማለት ነው። የጥገኛ ተሕዋስያን ማኅበር ቢኖር ኖሮ ለዓሣ ሠራተኞች በየዓመቱ የምስጋና ደብዳቤ በጻፈ ነበር።

ክሊኖስቶመም የተባለው ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጠፍጣፋ ትል ሲሆን፣ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ዓሣው ቆዳ ሥርና ወደ ጉሮሮው አካባቢ ይገባና የሩዝ ፍሬ የምታህል ቢጫ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል፤ የመጨረሻ መኖሪያው ባለ ረጅም እግር ዓሣ በል ወፎች አፍና ጉሮሮ ነው። በጃፓንና በኮሪያ ጥሬ የወንዝ ዓሣ የበሉ ጥቂት ሰዎች ይህንኑ እንግዳ በራሳቸው ጉሮሮ አስተናግደዋል። ከሁሉም ለማየት የሚያስደነግጠው ግን ሊጉላ የሚባለው፣ በጣና ትናንሽ ዓሦች ሆድ ውስጥ የሚገኘው ነጭ ጥብጣብ መሰል ትል ነው፤ ሆዳቸውን ነፍቶ፣ የመራቢያ አካላቸው እንዳይዳብር አድርጎ፣ ዓሦቹን ወልዶ ከመሳም ይከለክላቸዋል። ሰውን የማይነካ በመሆኑ በሕክምና መጻሕፍት ብዙ ቦታ አልተሰጠውም፤ በምሳ ሰዓት ቢታይ ግን ከሁሉም በላይ ወስፋት የሚዘጋ እሱ ነው።

የምርመራው ሁሉ መሠረታዊ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የጉዳዩ ፍርድ ቀደም ሲል በእሳት ተሰጥቷልና። የምግብ ደኅንነት መመሪያዎች የዓሣ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ይጠይቃሉ፤ ከባሕር ትሎች ሁሉ የታወቀው አኒሳኪስም በ60 ዲግሪ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይሞታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ውኃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ ምክንያት የከተማዋ ሽሮ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ቢፈላም፣ በጉላሹ ድስት ውስጥ ያለው ሙቀት ትሉን ለመግደል ከሚያስፈልገው በ30 ዲግሪ ያህል ይበልጣል። መጥበሻው ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ ዘይቱ 170 እና 180 ዲግሪ የሚደርስ ሲሆን፣ ሙሉ ዓሣ ሲጠበስ በሁለቱም ጎኑ በቢላዋ የሚወጡት ትይዩ ቁርጦች ዘይቱን እስከ አጥንቱ ያስገቡታል። ብዙ ተመጋቢ ቁርጦቹ በእጅ ለማንሣት እንዲመቹ፣ ቅመሙም እንዲገባ የተሠሩ ናቸው ብሎ ያምናል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙቀት በሁሉም አቅጣጫ እንዲደርስ የሚያደርጉት እነሱ በመሆናቸው፣ የኦሎምፒያ ወጥ ሠሪዎች ቴርሞሜትር ሳይነኩ ቴርሞሜትሩ የሚፈልገውን ይፈጽማሉ።

ከመጥበሻ የወጣ ትል፣ ቢኖር እንኳ፣ የሞተ ትል ነው፤ የሞተ ትል ደግሞ በሥነ ምግብ ዓይን ሲታይ ጥቂት ፕሮቲን ነው። ይህን እውነት ለተመጋቢ መንገር ግን እስካሁን አንድም ሰው ሲያጽናና አልታየም፤ ሰው የሚጸየፈው ሊጎዳው የሚችለውን ብቻ ሳይሆን ሊያየው የሚችለውን ነውና። አንድ ልዩ ሁኔታ መጠቀስ አለበት። የአኒሳኪስ አንዳንድ ክፍሎች ሙቀትን ስለሚቋቋሙ፣ ሰውነታቸው ቀድሞ ለዚህ ትል አለርጂ የሆነ ጥቂት ሰዎች የበሰለ ዓሣ በልተውም ሊያሳክካቸው፣ ከዚያም የከፋ ሊገጥማቸው ይችላል። ይሁን እንጂ አኒሳኪስ የባሕር ትል ነው፤ ባሕር በር የሌላት አገር የሐይቅ ዓሣ ስትበላ ከምታተርፋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ከዚህ ትል መራቋ ነው፤ ከውጭ የገባ ሳልመን የሚያቀርቡ ቤቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው።

በዓሣ ትል እጃቸው የተቃጠለባቸው አገሮች ታሪክ ሲመረመር፣ ከየአንዳንዱ ጀርባ ያለው እሳት ያልነካው ዓሣ ነው። ደች ሰዎች ሄሪንግ የተባለውን የባሕር ዓሣ ጥቂት ጨው አድርገውበት በጥሬው ይበሉ ነበር፤ በዚህ ሳቢያ የሚመጣው ከባድ የሆድ ሕመም ከዚሁ ከአኒሳኪስ መሆኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ከታወቀ በኋላ፣ በ1968 ሄሪንግ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ሕግ ወጣ፤ ሕመሙም ከዚያ ወዲህ እየጠፋ ሄደ። በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜናዊ ሐይቆች ዙሪያ ደግሞ እስከ 10 ሜትር የሚደርስ የዓሣ ኮሶ አለ፤ ቢ 12 የተባለውን ቪታሚን ከአስጠጊው ቀድሞ ስለሚወስድ፣ አንዳንዱ አስጠጊ ደም ያንሰዋል። ከሁሉም የከፋው ታሪክ የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ በዚያ አካባቢ ከወንዝ ዓሣ ተከትፎ፣ ሎሚና ቃሪያ በዝቶበት በጥሬው የሚበላ ኮይ ፕላ የተባለ ምግብ አለ፤ ከእሱ ጋር ወደ ሰው የሚገባው የጉበት ትል በሐሞት ቱቦ ውስጥ ዓመታት ኖሮ ለካንሰር የሚዳርግ በመሆኑ፣ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ጋር መድቦታል።

የታይላንዱ ነገር ለኦሎምፒያ ተመጋቢ የሚነግረው አንድ ጠቃሚ ቁም ነገር አለ፤ እሱም ስለ ሎሚ ነው። በከተማው ሎሚ ትል ይገድላል የሚል ጽኑ እምነት አለ፤ ሚጥሚጣም በዚሁ ሥራ ረዳቱ ተደርጎ ይታያል። ሎሚ የዓሣን ሥጋ ያነጣል፣ ያጠነክራል፣ የበሰለ ያስመስላል፤ ትሉ ግን በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ሰዓታት ቆይቶ በሕይወት ሊወጣ ይችላል፤ ሚጥሚጣውም የሚያቃጥለው የበላተኛውን ምላስ እንጂ የትሉን አይደለም። ይህ እምነት በተጠበሰ ዓሣ ላይ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ያጣፍጠዋል። አሞራ ገደል ላይ ከቆሮሶ ጎን በስለት ተገፎ፣ በአዋዜ እየተጠቀሰ በጥሬው በሚበላው ዓሣ ላይ ግን ሎሚውን የደኅንነት ሹም አድርጎ መሾም ሹመቱን ለማይገባው መስጠት ነው። በኦሎምፒያም ቢሆን ከምግብ ዝርዝሩ ላይ ሊመረመር የሚገባው ቃል ካለ፣ በዓሣ ክትፎና በዓሣ ዱለት አጠገብ የሚቀመጠው ለብለብ የሚለው ነው፤ ለብለብ ማለት እሳት ያሳዩት እንጂ እሳት የበላው አይደለም። ከሚገርመው ሁሉ የሚገርመው፣ ለብለብ ያዘዘ ሰው የስልክ ባትሪ አያበራም።

ትንሽ ወደ ጎን መውጣት ይፈቀድና፣ የዚሁ ተመጋቢ የሥጋ ጠባይ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ማክሰኞ ዓሣውን ለአራት ሰው አስመስክሮ የመለሰው ሰው፣ ሐሙስ ልኳንዳ ቤት ቆሞ ሻኛና ጎድን እያማረጠ፣ እሳት የሚባል ነገር ያልጎበኘውን ቁርጥ በአዋዜ ያጣጥማል፤ ባትሪ የሚያበራ የለም፣ ክር የሚፈልግ የለም፣ ቢገኝም ጅማት ነው ተብሎ ይታለፋል። በጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል በሰው አንጀት ውስጥ እስከ 10 ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ ሀበሻ ከእሱ ጋር ያለው ዝምድና እጅግ የቆየ በመሆኑ ለመድኃኒቱ የሚሆን ዛፍ ከነሥርዓቱ አዘጋጅቶለት ኖሯል። የኮሶ ዛፍ አበባ ተፈጭቶ፣ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር፤ የጠጣ ሰው ዕለቱን ከቤት አይወጣም፣ ቤተሰቡም ምክንያቱን ስለሚያውቅ እንግዳ አያስገባም። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጥሬ ሥጋውም ስለ ኮሶውም ጽፏል፤ የአገሩ ሰዎች ስለ ጥሬ ሥጋው የጻፈውን አላመኑትም፣ ኮሶውን ግን በቀጣዩ መቶ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ወስደው በመደርደሪያቸው ላይ አኖሩት። ትሉ እንዲህ ባለ ክብር የተያዘበት ማኅበረሰብ በበሰለ ዓሣ ላይ ይህን ያህል መጨከኑ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

አንዱ ምክንያት ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያ አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ዓሣ በአማካይ ከ1 ኪሎ ግራም በታች ተብሎ ሲገመት የዓለሙ አማካይ ግን 20 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚገናኙት ምግብ ሁልጊዜም እንግዳ ሆኖ ይቀራል፣ እንግዳ ደግሞ ይፈተሻል። ሁለተኛው ምክንያት ማኅተም ይመስላል። በሬው ቄራ ገብቶ፣ የእንስሳት ሐኪም ጡንቻውን በቢላዋ እየሰነጠቀ የኮሶ እጭ ፈልጎበት፣ ታፋው ላይ ባለ ቀለም ማኅተም አርፎበት ይወጣል፤ ማኅተም ያየ ኢትዮጵያዊ ከዚያ በኋላ አይጠይቅም። ለዓሣም ቢሆን ሕግ አልጠፋም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ ነገር ግን ቆሮሶ ማኅተም የሚያሳርፉበት ታፋ የሌለው ፍጡር ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በቄራ የሚሠራውን ሥራ ተመጋቢው ኦሎምፒያ ላይ በሹካ ይሠራዋል፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ጋዋን፣ ከሁሉም በላይ ዓሣው ከተጠበሰ በኋላ።

በሹካው ምርመራ ውስጥ ከትሉ ጋር ተቀላቅሎ የሚፈለግ ሌላም ነገር እንዳለ መዘንጋት የለበትም፤ እሱም አምባዛ ነው። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ባለ ጢም ዓሣ ሲሆን፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ስለሚፈቅድ ብዙ ምእመናን አይበሉትም። ሙሉ ሆኖ ሲቀርብ ጢሙ ማንነቱን ይናገራል፤ ፊሌቶ ሆኖ፣ ተቆርጦ ጉላሽ ውስጥ ሲገባ ግን ጢምም ቅርፊትም የለ፣ ምስክር የለ። ስለዚህ በረቡዕ ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ ጉላሹን የሚገላብጥ ሰው ሁሉ የተሕዋስያን ጥናት ላይ ነው ማለት አይቻልም፤ ከፊሉ የኦሪትን ሕግ እየጠበቀ ነው። ዓሣ ራሱ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ለመምህራኑ ቢተው ይሻላል፤ ገበያው ግን በዐቢይ ጾም ዓሣ ሲፈለግ እያየ መልሱን በራሱ መንገድ ሰጥቷል።

በሳህኑ ላይ የሚደረገው ምርመራ የማያገኛቸው፣ ነገር ግን ሊያገኛቸው የሚገቡ ነገሮች ከሳህኑ ውጭ ናቸው። ጥሬውን ዓሣ የገፈፈው ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ሰላጣ ከቆረጠ፣ እሳቱ ለዓሣው ያደረገው ሁሉ ለሰላጣው አልተደረገም። ከአርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር፣ ከሐዋሳ 275፣ ከዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ ዓሣ በበረዶ ካልመጣ፣ በመንገድ ላይ የሚባዙበት ባክቴሪያዎች ከትሉ በቁጥርም በክፋትም ይበልጣሉ፤ የሚታዩ ግን አይደሉም፣ የማይታይ ነገር ደግሞ በስልክ ባትሪ አይያዝም። አጥንቱም አለ፤ በአዲስ አበባ ዓሣ በልቶ ጉሮሮው ላይ ትል የተሰነቀረበት ሰው የለም፣ አጥንት ተሰንቅሮበት እንጀራ ሳያኝክ የዋጠ፣ ሳይሆንለት ሲቀር ሐኪም ቤት የሄደ ግን ጥቂት አይደለም።

ጠንቃቃው ተመጋቢ ታዲያ ስለ መንገዱና ስለ በረዶው አይጠይቅም ማለት አይደለም፤ ይጠይቃል፣ ጥያቄውም መቼ ገባ የሚል ነው፤ መልሱም በኦሎምፒያ፣ በካዛንቺስም ሆነ በቂርቆስ አንድ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ነው የገባው ጋሼ፤ ትኩስ ነው።»

ይህ መልስ ከአርባ ምንጭም ከዝዋይም ለመጣ ዓሣ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ያለ ልዩነት ይሰጣል፤ ተመጋቢውም ደስ ብሎት ይቀበለዋል። ከፍሪዘር የወጣ ዓሣ በአዲስ አበባ ዘንድ እንደ ተለበሰ ሸማ ዋጋው የወደቀ ነው፤ ሳይንሱ ግን እዚህ ላይ ከተመጋቢው ጋር አይስማማም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሰባት ቀን የቆየ ዓሣ ትሉ ሞቶለት የሚወጣ በመሆኑ፣ በብዙ አገር ጥሬ ዓሣ የሚያቀርቡ ቤቶች ዓሣውን አስቀድሞ የማቀዝቀዝ ግዴታ አለባቸው፤ መብራት እየጠፋ እየመጣ ፍሪዘሩ አንዴ ቀልጦ አንዴ እስካልበረደ ድረስ፣ ትልን ለሚፈራ ሰው ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም። እንግዲህ አንዲት ሐቀኛ አስተናጋጅ ተገኝታ «ከፍሪዘር ነው ጋሼ፣ ሳምንት አልፎታል» ብትል፣ በትል ጉዳይ ለተጨነቀው ተመጋቢ ሊሰማ ከሚችለው ዜና ሁሉ ምርጡን ነገረችው ማለት ነው።

እሱ ግን ይህን ሰምቶ ሜኑውን ያጥፋል፤ ቀኑ ረቡዕ ስለሆነም ልኳንዳ ቤቱ ዝግ ነው፤ በየአይነቱ ያዛል። በየአይነቱ ሲመጣ መካከሉ ላይ ጥሬ ሰላጣ፣ ጠርዙ ላይ ስንግ ቃሪያ ይኖረዋል፤ በከተማዋ ከሚበላው ሰላጣ ከፊሉ የከተማዋን ፍሳሽ በሚሸከመው በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ ሲሆን፣ የወስፋት ትል እንቁላል ደግሞ ተጣባቂ ከመሆኑ የተነሣ ቸኩሎ በታጠበ ቅጠል ላይ በምቾት ይቀራል፤ እሳትም የሚያገኘው የለም። ተመጋቢው እጁን ታጥቦ ይመጣል፣ ሰላጣውን በእንጀራ ይጠቀልላል፣ ስልኩም ባትሪው ጠፍቶ ኪሱ ውስጥ ነው።